ቀለሁ ጎዶሎ ሲሆን፦ ለስላሳ ጥይት ለባለ ሌቨር ጠመንጃ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎቻችን ሰሞኑን ከላኩልን ጥያቄዎች ውስጥ ብዙዎቹ የሪቮልቨር (ባለ ከበሮ ሽጉጥ) ጥይት የሚጎርስ ባለ ሌቨር ጠመንጃን፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን እጀታ ወደ ታችና ወደ ላይ እያመላለሱ የሚያጎርሱትን፣ የሚመለከቱ ናቸው። ኢላማ ለመምታት ወይም ለካውቦይ ውድድር ብለው ጥይታቸውን ራሳቸው በለስላሳው፣ ማለትም ባሩዱን አሳንሰው፣ መሙላት የጀመሩ ሰዎች ናቸው የጻፉልን። ቀለህ፣ አረርና ባሩድ የሚሉት ቃላት ከአገር ቤት ይዘናቸው ስለመጣን አያስቸግሩንም። ፕራይመርንና ክሪምፕን ግን እንዳሉ ተቀብለናቸዋል። ፕራይመር የምንለው በቀለሁ ቂጥ መሀል የምትቀመጠውንና መርፌው ሲመታት እሳት የምትተፋውን ትንሽ ጽዋ ነው፤ ክሪምፕ ደግሞ የቀለሁን አፍ በአረሩ ጎድጓዳ መስመር ላይ አጥፎ መቆንጠጥ ነው። ባሩድ የሚመዘነው በግሬን ነው፤ 1 ግሬን 0.0648 ግራም ይሆናል፣ 1 ፓውንድ ደግሞ 7000 ግሬን ይወጣዋል።

የባሩዱን ልክ ከዚህ ዓምድ አትጠብቁ። እሱን ባሩዱን የሠራው ፋብሪካ ከሚያወጣው ሰንጠረዥ ላይ፣ በእጃችሁ ላለው አረርና ቀለህ ከተጻፈው መስመር ነው የምትወስዱት።

ጥያቄ፦ *357 ማግነም የሚጎርስ ሌቨር ገዛሁ። ለስላሳ ጥይት ለመሥራት የ38 ስፔሻል ቀለህ ይሻለኛል ወይስ የ357? ሁለቱንም ይጎርሳል ብለውኛል። (ከዴንቨር)*

መልስ፦ እውነት ነው፣ ሁለቱንም ይጎርሳል። 38 ስፔሻል በ1898 የወጣ ጥይት ነው። 357 ማግነም በ1935 ሲመጣ የአረሩ ውፍረት እዚያው ሆኖ ቀለሁ ብቻ ረዘመ። የ38ቱ ቀለህ 1.155 ኢንች (29.3 ሚሊሜትር)፣ የ357ቱ 1.290 ኢንች (32.8 ሚሊሜትር) ነው። ያስረዘሙት አዲሱ ኃይለኛ ጥይት አሮጌ የ38 ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ ብለው ነው። የተፈቀደላቸው ከፍተኛ ግፊትም ልዩነቱን ያሳያል፦ ለ38ቱ 17,000፣ ለ357ቱ 35,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች።

ምርጫችን የ357 ቀለህ ነው። አጭሩ ቀለህ በረጅሙ ቻምበር (ጥይቱ በሚተኛበት የበርሜሉ ጓዳ) ውስጥ ሲተኮስ ከአፉ ፊት 3.4 ሚሊሜትር የምታህል ባዶ ቦታ ትተርፋለች። ጥላሸት፣ የአረር ቅባትና የእርሳስ ፍቅፋቂ እዚያች ቀለበት ላይ እየተጋገሩ ይከማቻሉ። ጥቂት መቶ ጥይት ተኩሰው አንድ ቀን ረጅሙን 357 ሲያጎርሱ አልገባም ይላል። በሌቨሩ ጉልበት ካስገቡት ደግሞ የቀለሁ አፍ በዚያ ቅርፊት ተጨብጦ አረሩን በቀላሉ አይለቅም፤ ግፊቱም ከታሰበው በላይ ይወጣል። የ38 ቀለህ በብዛት ካለዎትና መጣል ካልፈለጉ ግን ከእያንዳንዱ የተኩስ ቀን በኋላ ቻምበሩን በነሐስ ብሩሽና በማሟሟያ ፈሳሽ ይፈግፍጉ። ብሩሹን ወዲያ ወዲህ ከማመላለስ ይልቅ እዚያው ማሽከርከር ቅርፊቱን ቶሎ ያነሳዋል።

የባሩድ ልክ ሲወስዱ ሁለቱን አያምታቱ። የ357ን ልክ በ38 ቀለህ መሙላት ክልክል ነው፤ አንድ ቀን ያ ጥይት ተሳስቶ የሰው 38 ሽጉጥ ውስጥ ይገባል። የ38ን ልክ በ357 ቀለህ መሙላት ደግሞ ግፊቱን ዝቅ ያደርገዋል እንጂ አይጨምረውም፤ ቦታው ሰፍቷልና። እዚህ ላይ የሚያሰጋው ተቃራኒው ነው፦ ከ38ቱ ሰንጠረዥ የታችኛውን ልክ ወስደው ሰፊው ቀለህ ውስጥ ካደረጉት አረሩ በርሜሉ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ለ357 ቀለህ ተብሎ የወጣ ለስላሳ ልክ አለ፤ እሱን ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ *በለስላሳ የሞላሁት ጥይት ሪቮልቨሬ ላይ ምንም ችግር የለበትም። ሌቨሩ ላይ ግን ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጥይት ላይ ቀጥ ይላል። ጠመንጃው ተበላሽቶ ይሆን? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)*

መልስ፦ ጠመንጃውን ወደ ባለሙያ ከመውሰድዎ በፊት ካሊፐር ያንሱና የጥይቱን ሙሉ ርዝመት ከቂጥ እስከ አፍንጫ ይለኩ። ሪቮልቨር ለርዝመት ደንታ የለውም፤ ከከበሮው ፊት እስካልወጣ ድረስ ያጠረውንም የረዘመውንም ይተኩሳል። ሌቨር ግን ጥይቱን ከቱቦ ካዝናው ተቀብሎ፣ አንሥቶ፣ ወደ ቻምበሩ የሚያቀብል ማንሻ አለው። ማንሻው የተሠራው ለተወሰነ ርዝመት ነው። ለ357 የተፈቀደው ከፍተኛ ሙሉ ርዝመት 1.590 ኢንች (40.4 ሚሊሜትር)፣ ለ38 ደግሞ 1.550 ኢንች (39.4 ሚሊሜትር) ነው። 105 ግሬን የሚመዝን አጭር አረር በ38 ቀለህ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ከተቀመጠ ከዚህ በብዙ ያጥራል።

ሁሉም ሌቨር አንድ ዓይነት አይደለም። በ1866ቱና በ1873ቱ ዊንቸስተር፣ በዛሬዎቹ የጣሊያን ቅጂዎቻቸውም ላይ፣ ማንሻው እንደ አሳንሰር ቀጥ ብሎ የሚወጣ የብረት ቁራጭ ነው። ጥይቱ ሙሉ በሙሉ ሆዱ ውስጥ ይተኛል። ጥይቱ ከረዘመ አፍንጫው ካዝናው በር ላይ ቀርቶ ማንሻው አይነሳም። በጣም ካጠረ ደግሞ ከኋላው የተሰለፈው ጥይት በተረፈው ቦታ ቂጡን ያስገባል፤ ማንሻው ሊነሳ ሲል በሁለቱ መሀል ይነክሳል። የ1892ቱ ዓይነትና ማርሊን 1894 ማንሻቸው ከአንድ ጫፍ ዘንበል ብሎ የሚነሳ ምላስ ነው። እነሱ ከ1873ቱ ይልቅ ርዝመትን ይታገሣሉ፤ የአፍንጫ ቅርጽ ላይ ግን ይመርጣሉ። ጥይቱ በዘንበልታ ስለሚገባ ሹል ትከሻ ያለው ሰሚ ዋድከተር አረር ትከሻው የቻምበሩ ጠርዝ ላይ ይነክሳል። ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ጎኑ ክብ ወይም ሾጠጥ ያለ አረር ሸርተት ብሎ ይገባል። ሙሉ ዋድከተር፣ ያ እንደ ጣሳ የተቆረጠው፣ ለሌቨር አይሆንም።

ሙከራውን እንዲህ ያድርጉ። ባሩድም ፕራይመርም የሌላቸው አምስት ጥይቶች ይሥሩ፤ ቀለሁ ተስተካክሎ፣ አረሩ ተቀምጦ፣ ክሪምፑ ተደርጎ። ቂጣቸው ክፍት ስለሆነ ከእውነተኛው ጋር አይሳሳቱም፤ ቢሆንም ጠረጴዛው ላይ ሌላ ጥይት አይኑር። እያንዳንዳቸውን ለክተው በእስክሪብቶ ይጻፉባቸው። ካዝናውን በእነሱ ሞልተው አንድ ጊዜ ቀስ፣ አንድ ጊዜ ፈጠን አድርገው ሌቨሩን ያመላልሱ። ቀስ ሲሉ ብቻ የሚነክስ ከሆነ ጥፋቱ የእጅ ነው፤ ሌቨሩን እስከ መጨረሻው መግፋትና እስከ መጨረሻው መመለስ ያስፈልጋል። ቀስም ፈጠንም ሲሉ አንድ ቦታ የሚነክስ ከሆነ ርዝመቱ ነው። በ0.010 ኢንች (ሩብ ሚሊሜትር) እየጨመሩ ይሞክሩ ማለት ያጓጓል፤ ግን አረሩ ክሪምፕ የሚገባበት ጎድጓዳ መስመር ስላለው ርዝመቱን የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ አረር ሲገዙ ከክብደቱ ይልቅ ከመስመሩ እስከ አፍንጫው ያለውን ርቀት ይጠይቁ። በ357 ቀለህ ላይ ባለ ጠፍጣፋ ጫፍ 125 ግሬን አረር ብዙውን ጊዜ ከ1.55 እስከ 1.59 ኢንች መሀል ያርፋል፤ አብዛኛው ሌቨርም ያለ ንጭንጭ ይጎርሰዋል። ማንሻውን ወይም የጎን መሪዎቹን በሞረድ አይንኩ። አረር ለመቀየር አንድ ሳጥን ይበቃል፤ የተሞረደ ብረት ግን አይመለስም።

ጥያቄ፦ *ባሩዱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ለስላሳ ጥይት ከኃይለኛው ይልቅ አያስፈራም፣ ብሳሳትም ብዙ አልጎዳም ብዬ አስባለሁ። ልክ ነኝ? (ከዳላስ)*

መልስ፦ አይደሉም፤ በጣም የሚያስፈራው የቱ ነው ብንባል ለስላሳውን እናስቀድማለን። ምክንያቱ ባዶው ቦታ ነው። ለ38 ስፔሻል ለስላሳ ልክ ብዙውን ጊዜ 3 ግሬን አካባቢ ነው። ከአንድ ፓውንድ ባሩድ ከ2300 በላይ ጥይት ይወጣል ማለት ነው። ርካሽነቱ ደስ ይላል፤ ነገር ግን ያ 3 ግሬን ቀለሁ ውስጥ ሲገባ ታች ወለሉን ብቻ ይሸፍናል። ሁለት ጊዜ ቢጨመርበትም ቀለሁ አይሞላም፣ አይፈስም፣ አረሩም ያለ ምንም ተቃውሞ ይቀመጣል። እጅዎ ላይ ምንም ልዩነት ሳይሰማዎት እጥፍ የተሞላ ጥይት ሠርተው ይነሳሉ ማለት ነው። በኃይለኛው ጥይት ባሩዱ ቀለሁን ስለሚሞላው እጥፉ ይፈስና ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል።

መከላከያው አሰልቺ ነው፣ ግን ይሠራል። 50 ቀለህ የሚይዘው የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማቆሚያ ላይ ሁሉንም አፋቸውን ወደ ላይ ያቁሙ። ባሩድ ያልገባባቸው በግራ፣ የገባባቸው በቀኝ ማቆሚያ ይሁኑ፤ አንዱን ሞልተው እንደጨረሱ ወዲያው ይሻገር። ሃምሳውም ሲያልቅ የክፍሉን መብራት ትተው በእጅ ባትሪ ከላይ ወደ ታች፣ መስመር በመስመር እያንዳንዱ ቀለህ ውስጥ ይመልከቱ። ሲያዩ የሚፈልጉት ቁጥር አይደለም፤ ከጎረቤቱ ከፍ ያለ ወይም ዝቅ ያለ ጥላ ነው። እጥፍ የገባበት ቀለህ ወለሉ ወደ አፉ ቀርቦ ይታያል፣ የተዘለለው ደግሞ ታች የፕራይመሩን ቀዳዳ ያሳያል። የተጠራጠሩትን መልሰው ይመዝኑ። አረር ማስቀመጥ የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በየደረጃው ራሱ በሚሽከረከር ማሽን የሚሠሩ ከሆነ የባሩዱን ከፍታ የሚፈትሽ ደረጃ ያለውን ይምረጡ። ስልክ ከተደወለና ሥራው ከተቋረጠ ማሽኑ ላይ ያሉትን ቀለሆች በሙሉ አውጥተው ባሩዳቸውን መልሱ።

የባሩዱ ዓይነትም ያግዛል። ፈጣንና ጅምላው ሰፋ ያለ ባሩድ ቀለሁን ይበልጥ ስለሚሞላ እጥፉ ቶሎ ይታያል። ትሬል ቦስ የተባለው፣ ፍሬው ቀለበት የመሰለው ባሩድ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነበር፤ ከያዙት ጨፍልቀው እንዳያጭቁት። ቡልስአይ፣ ኤች ፒ 38፣ ዩኒክ የሚባሉት በለስላሳ ልክ ለረጅም ዘመን ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው፤ ከእነሱ ዩኒክ በሚዛን ማፍሰሻው ውስጥ ትንሽ ይንገጫገጫል። ኤች 110ን እና ተመሳሳዩን 296ን ግን ለለስላሳ አያስቡ። ለማግነም የተሠሩ ዘገምተኛ ባሩዶች ናቸው፤ ፋብሪካው ራሱ ከወጣው ልክ ከ3 በመቶ በላይ እንዳይቀነስ ያስጠነቅቃል። ሲቀነሱ እሳቱ በደንብ አይይዛቸውም፣ ዘግይቶ ይነሣል ወይም አረሩን መንገድ ላይ ትቶት ይጠፋል።

አንድ ነገር እንጨምር። ጎዶሎ ቀለህ ውስጥ ባሩዱ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። አፈሙዙን ወደ ታች አድርገው ቀና ካደረጉት ወደ አረሩ ይሰበሰባል፤ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርገው ካወረዱት ወደ ፕራይመሩ። በሁለቱ መሀል ፍጥነቱ ይለያያል። ፍጥነት መለኪያ ካለዎት አምስት አምስት ጥይት በሁለቱም መንገድ ይተኩሱና ያወዳድሩ። ልዩነቱ የበዛበትን ባሩድ ይተዉት።

ጥያቄ፦ *ስተኩስ «ጭው» የሚል ደካማ ድምፅ ሰማሁ፣ ኢላማው ላይ ቀዳዳ የለም። ሌቨሩ ቀጣዩን ጥይት በሰላም ጎረሰ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? (ስሜ ይቆይ)*

መልስ፦ ቀጣዩን አለመተኮስ። ደግ አደረጉ ጠየቁን፤ ብዙ በርሜል የተበላሸው እዚህች ላይ ነው።

በሪቮልቨር አረር ከከበሮው ወጥቶ ሳይጨርስ ሲቀር ብዙ ጊዜ ከበሮው ይታሰራል፣ ሳይወዱ በግድ ያቆማሉ። በሌቨር ግን አረሩ በርሜሉ ውስጥ ጥቂት ርቆ ስለሚቆም ቻምበሩ ባዶ ነው፤ ቀጣዩን ጥይት እንደ ወትሮው ይቀበላል። የሚያስቆምዎ ከጆሮዎና ከዓይንዎ በቀር ማንም የለም። ሁለተኛው አረር ከቆመው ጋር ሲጋጭ በርሜሉ እንደ ቀለበት ይነፋል፣ ወይም ይቀደዳል።

ድምፁ ካነሰ፣ ምቱ ከቀለለ፣ ኢላማው ላይ ቀዳዳ ካጡ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረጉ ቢያንስ 30 ሰኮንድ ይጠብቁ፤ እሳቱ ዘግይቶ ሊነሣ ይችላል። ከዚያ ሌቨሩን ከፍተው ቻምበሩን ባዶ ያድርጉ፣ የካዝናውንም ጥይት በሙሉ ያውጡ። የወጣው ቀለህ ውስጥ ያልተቃጠለ ቢጫ ወይም ጥቁር ባሩድ ተጋግሮ ካዩ ምክንያቱን አገኙ ማለት ነው፤ ባሩድ ከሌለና የፕራይመር ጥቀርሻ ብቻ ከሆነ ቀለሁ ሳይሞላ ቀርቷል። ማርሊን 1894 ላይ የሌቨሩን ማጠፊያ ብሎን በልኩ ካቻቪቴ ሲፈቱ ሌቨሩ ይወጣል፣ ቦልቱም (የቻምበሩ መዝጊያ) ወደ ኋላ ይሳባል፤ ከኋላ ወደ ፊት ብርሃን ማየት ይቻላል። በ1873ቱና በ1892ቱ ያን ያህል ቀላል ስላልሆነ ከአፈሙዙ በኩል ዘንግ አስገብተው ይለካሉ፦ ዘንጉ እስከ ቦልቱ ፊት ካልደረሰ መሀል ላይ የቆመ ነገር አለ።

ማውጫው የናስ ዘንግ ነው። የበርሜሉ ውስጥ ወደ 9 ሚሊሜትር ስለሚጠጋ 8 ሚሊሜትር ዘንግ ይያዙና በየአራት ጣቱ የኤሌክትሪክ ቴፕ ጠቅልለው መሀል ለመሀል እንዲሄድ ያድርጉት። ዘልቆ የሚገባ ዘይት ጥቂት ጠብታ ከሁለቱም በኩል አድርገው ሩብ ሰዓት ይተዉት። አብዛኛውን ጊዜ አረሩ ወደ ቻምበሩ ቀርቦ ስለሚቆም ከአፈሙዝ ወደ ኋላ መግፋት ያጥራል። ጠመንጃውን በጨርቅ ተጠቅልሎ በሞርሳ አስይዘው በመዶሻ ደጋግመው፣ በልክ በልክ ይምቱ። ለስላሳ የእርሳስ አረር በአንድ ኃይለኛ ምት ይጨፈለቅና ይበልጥ ይጠብቃል። የእንጨት ዘንግ አይጠቀሙ፤ በሰያፍ ይሰነጠቅና ስንጥሩ ከአረሩ ጎን ይሰካል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የባለሙያ ነው። በሌላ ጥይት ተኩሶ ማስወጣትን ግን በጭራሽ አይሞክሩት፤ ባሩድ ብቻ ሞልተው ቢሆን እንኳ።

ከወጣ በኋላ በርሜሉን አጥርተው ወደ ብርሃን ያዩት። ዙሪያውን የከበበ ጠቆር ያለ ቀለበት ካለ ተነፍቷል። ጠበቅ ያለ ጨርቅ በዘንግ ሲገፉ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ከቀለለም ያው ነው። ከዚያኛው ጋር አንድ ላይ ከሞሏቸው የቀሩትን ጥይቶች አይተኩሱ፤ ሁሉንም ፈትተው ይመዝኑ።

እንዲህ የሚቆመው በብዛት በመዳብ የተለበጠ ጠንካራ አረር ነው። በርሜሉ ከ16 እስከ 20 ኢንች ነው፤ ትንሹ ፈጣን ባሩድ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኢንቾች ተቃጥሎ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሰበቃ ብቻ ነው። ለለስላሳ ጥይት እርሳስ ይጠቀሙ፤ እርሳስ በበርሜል ውስጥ ይሸራተታል።

ጥያቄ፦ *ቀለሆቼ ጎናቸው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል፤ በርሜሉ ውስጥ ደግሞ የእርሳስ ንጣፍ አያለሁ። ሁለቱ ይያያዛሉ? (ከሚኒያፖሊስ)*

መልስ፦ የሁለቱም ሥር ዝቅተኛ ግፊት ነው። ናስ ቀለህ ሲተኮስ ተነፍቶ የቻምበሩን ግድግዳ ማኅተም ያደርጋል። ግፊቱ ዝቅ ካለ አይነፋም፣ ጋዙም በጎኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። 45 ኮልት በዚህ ስሙ የታወቀ ነው፤ ግድግዳው ወፍራም፣ ልኩም ዝቅተኛ ነው። የቀድሞው 44-40 አንገቱ ቀጭን ስለሆነ በዚያው ግፊት በደንብ ይዘጋል። ጥላሸቱ ጠመንጃውን አይጎዳም፣ ያቆሽሻል እንጂ። መጠነኛ መፍትሔው በሰንጠረዡ ውስጥ ልኩን አንድ እርከን ከፍ ማድረግ ወይም ከበድ ያለ አረር መጠቀም ነው።

እርሳሱን ግን ለብቻው ይመርምሩት። ሰው ሁሉ «አረሩ ስለለሰለሰ ነው» ብሎ ጠንካራውን ይገዛል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በዝቅተኛ ግፊት ጠንካራ አረር ተስፋፍቶ የበርሜሉን ጠመዝማዛ ጥርስ አይሞላም፣ ጋዙ በጎኑ እየሾለከ እርሳሱን ያቀልጠዋል። ለዚህ ፍጥነት በብሪኔል የጥንካሬ መለኪያ ከ8 እስከ 12 ያለው ይበቃል። ከጥንካሬው በፊት ደግሞ ውፍረቱ ይቅደም። ለስላሳ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ ቁራጭ በዘይት አርሰው በበርሜሉ ውስጥ ቀስ ብለው ይግፉና በማይክሮሜትር ይለኩ፤ አረሩ ከዚያ በ0.001 ወይም በ0.002 ኢንች መብለጥ አለበት። ለ357 በርሜል 0.358 ኢንች የተለመደ ነው።

የተጣበቀውን ለማንሳት የድሮ ነሐስ ብሩሽ ላይ የመዳብ ሽቦ ዕቃ መፈግፈጊያ ቆርጠው ይጠቅልሉ። ሱቅ ውስጥ መዳብ የሚመስሉ፣ ውስጣቸው ግን ብረት የሆኑ አሉ፤ ማግኔት ያስጠጉባቸው። የሚስበውን ለድስት ይተዉት።

ጥያቄ፦ *ለሽጉጤ የማደርገው ክሪምፕ ለጠመንጃውም ይሆናል? ሹል አረርስ?*

መልስ፦ በሪቮልቨር ውስጥ ምቱ አረሩን ከቀለሁ ወደ ፊት ይስባል። በቱቦ ካዝና ውስጥ ተቃራኒው ነው፤ ጥይቶቹ ተደጋግፈው ሞላ ስለሚገፋቸው አረሩ ወደ ቀለሁ ውስጥ ይገባል። አረሩ ከገባ ርዝመቱ ያጥራል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ስለዚህ አፉ ወደ ውስጥ የሚጠቀለል ክሪምፕ፣ መስመሩ ውስጥ በደንብ የተቀመጠ ያስፈልጋል። ቀለሆቹ እኩል ርዝመት ከሌላቸው አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። ክሪምፑን ከአረር ማስቀመጡ ለይተው በራሱ ዳይ (የማሽኑ ቅርጽ ማውጫ) ቢያደርጉት እርሳሱ አይፋቅም፤ ከዚያ በፊት የቀለሁን አፍ እንደ ደወል በትንሹ መክፈትም አይርሱ። አውራ ጣትዎን አፍንጫው ላይ አድርገው ጥይቱን ጠረጴዛ ላይ ጫን ይበሉና እንደገና ይለኩ። ካጠረ አልያዘም።

ሹልና ክብ አፍንጫ አረር ቱቦ ካዝና ውስጥ አይግባ። የአንዱ አፍንጫ የፊተኛው ፕራይመር ላይ ይተኛል፤ ምቱ ሲያጋጫቸው ካዝናው ውስጥ ሊያስነሣው ይችላል። ለዚያው ምክንያት ፕራይመሩም ከቀለሁ ቂጥ ከ0.003 እስከ 0.005 ኢንች ገባ ብሎ መቀመጥ አለበት። ጣትዎን ቂጡ ላይ ሲያሻሹት እብጠት ከተሰማዎት ያን ጥይት ለይተው ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ *ለካውቦይ ውድድር ምን ያህል ማለስለስ ይፈቀዳል?*

መልስ፦ በሳስ (SASS፣ የካውቦይ ውድድሩን የሚመራው ማኅበር) ደንብ የአረሩ ክብደት በግሬን፣ ሲባዛ በፍጥነቱ በጫማ በሰኮንድ፣ ሲካፈል ለ1000 ከ60 ማነስ የለበትም፤ ፍጥነቱም ከ400 በታች መሆን የለበትም። ጣሪያው ለሪቮልቨር 1000፣ ለጠመንጃ 1400 ጫማ በሰኮንድ ነው። 105 ግሬን አረር በ560 ከሄደ 58.8 ነው፣ ወደቀ። በ600 ከሄደ 63 ነው፣ አለፈ። ይሁንና ጫፉ ላይ ቆመው አይሙሉ፤ በብርድ ቀን ፍጥነቱ ይወርዳል። 125 ግሬን በ700 ብናደርገው 87.5 ይሆናል፤ ትከሻ ላይ ያለው ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የበርሜል መዝጋት ስጋቱ ግን በእጅጉ ይርቃል።

ሌቨሩን ለማቅለል ሞላ ያለሰለሱ ተወዳዳሪዎች መርፌው ፕራይመሩን በደካማ ስለሚመታ አንዳንዱ አይነሣም። ፌደራል የተባለው ፋብሪካ ፕራይመር ለስላሳ ስለሆነ ብዙዎች እሱን ይመርጣሉ። ሌላ ካልተገኘ የመጀመሪያውን ሞላ መልሱት።

ጥያቄ፦ *ቤት ውስጥ ማስቀመጡ ይፈቀዳል? ለጓደኞቼ ሞልቼ ብሸጥስ? ለአጎቴ ወደ አገር ቤት ብልክስ? (ከሲያትል)*

መልስ፦ ለራስ መሙላት የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም። ለሽያጭ ጥይት መሥራት ግን ፈቃድ ይጠይቃል፤ «የባሩዱን ዋጋ ብቻ ነው የተቀበልኩት» ማለት ያንሸራትታል። ከመጀመርዎ በፊት የመኖሪያ ፈቃድዎን ዓይነት ይመልከቱ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መያዝ ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ነገሮች በስተቀር፣ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ በፌዴራል ሕግ ተከልክሏል። የግዛትዎ ሕግ ከዚህ ሊጠብቅ ይችላል።

በቤት ውስጥ የተለመደው የአሜሪካ የእሳት መከላከያ መመሪያ ጭስ አልባ ባሩድን እስከ 20 ፓውንድ በመጀመሪያ ዕቃው፣ ፕራይመርን እስከ 10,000 ይፈቅዳል። ባሩዱን ወደ ቡና ጣሳ አያዛውሩ፤ ስሙ የጠፋ ባሩድ ለማዳበሪያ ነው የሚሆነው። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ባሩድ ብቻ ይኑር። የተተኮሱ ቀለሆችን በደረቅ ማጽጃ ሲያገላብጡ የሚነሳው አቧራ የእርሳስ ውሁድ አለበት፤ ከማዕድ ቤቱና ከልጆች ያርቁት፣ ወይም በውኃና በብረት መርፌ ያጽዱ። እጅ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠባል።

ለአጎትዎ አይላኩ። ከአሜሪካ ያለ ፈቃድ ጥይት ማስወጣት ወንጀል ነው፤ በኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ማስገባትን ይከለክላል። ባዶ ቀለህ በሻንጣ ኪስ ውስጥ ረስቶ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ ተኩስ ሲወጡ የሚይዙት ቦርሳ ለጉዞ ከሚይዙት ይለይ።